ታጥቦ የወጣ ሳህን

የያዙኝ ቀን ስሰፋ የነበረው የራሳቸውን ጨርቅ ነው። በሐይቅ ዳር ባለችው ከተማችን፣ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር፣ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪና ነበረችኝ። ቀበሌው ለሰልፍ የሚያዝ ቀይ ጨርቅ አዝዞኝ ጠርዙን እየቀመቀምኩ ሳለ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች መጥተው ከፊቴ ቆሙ። "ትፈለጋለህ" አለኝ አንዱ። ሌላው ጨርቁን አየና "ቆይ፣ መጀመሪያ ይጨርሰው" አለ። ጨረስኩት። ክሩን በጥርሴ በጥሼ፣ ጨርቁን አጣጥፌ አስረከብኳቸውና አብረን ሄድን።

ጥፋቴን ሳይነግሩኝም አውቀዋለሁ። በቀበሌው ስብሰባ መጨረሻ ሁሉም ተነስቶ፣ ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ እያነሳ "ከሁሉም በላይ አብዮት!" ሲል እኔ እጄን ሱሪዬ ላይ ለጥፌ ቆሜ ነበር። "ኢትዮጵያ ትቅደም" ሲባል አብሬ ብያለሁ፤ ሀገሬ ናት፣ ትቅደም። ያቃተኝ "ከሁሉም በላይ" የሚለው ነው። ጴንጤ ነኝ። በእኛ ዘንድ ከሁሉም በላይ የሚባለው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በስብሰባ የሚመረጥ አይደለም። ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ቆይቶ በየቤቱ ተደብቀን ነበር የምንጸልየው፤ ስለዚህ ተራዬ እንደሚደርስ እጠብቅ ነበር ማለት ይቻላል።

ያሰሩን ቀበሌው የወረሰው የሸቀጥ መጋዘን ውስጥ ነው። በሩ ብረት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መስኮት የሚባል ነገር የለውም። ብርሃን የሚገባው በበሩ ሥር ባለው ክፍተት ብቻ ነበር። ቤቱ ጨውና የበሰበሰ ጆንያ ይሸታል። ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ሲግል የሰው ትንፋሽ እንኳ መሄጃ ያጣል። ሰዉ እግር ለእግር ተጠላልፎ ተቀምጦ ስለነበር ስገባ የምረግጠው አጥቼ ቆምኩ። ከበሩ አጠገብ የነበሩ አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።

"እንኳን ወደ መጋዘኔ በደህና መጣህ" አሉኝ።

የቀለዱ መስሎኝ ነበር። ለካ እውነታቸውን ነው። ሸቀጥ ደብቀሃል ተብለው የታሰሩ የጉራጌ ሙስሊም ነጋዴ ናቸው፤ መጋዘኑን ያሠሩትም እሳቸው። "ግንበኛው መስኮት ላውጣለት ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር" አሉ ግድግዳውን በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ። "ለሌባ ነው የምታወጣለት ብዬ ተቆጣሁት። አሁን ያንን ሰውዬ ባገኘው እግሩ ላይ እወድቃለሁ።" በዚያ ቤት ውስጥ የሳቅኩት መጀመሪያ ያን ጊዜ ነው።

ከእኔ ቀደም ብሎ የገባ አንድ የእምነት ወንድምም እዚያ አገኘሁ። መምህር ነበር፣ ቀጭን፣ በጣም ጨዋ፣ ቀልድ የማይገባው ሰው። ቤተሰቡ ወላይታ ገጠር ውስጥ ስለሆኑ ስንቅ የሚያመጣለት አልነበረም። ስለዚህ ከእኔ ሳህን ይበላ ነበር።

ሳህኑ የእናቴ ነው። ክዳን ያለው፣ ሰማያዊ፣ ከንፈሩ አንድ ቦታ ላይ የተላጠ የብረት ሳህን። እናቴ በየቀኑ ወደ እኩለ ቀን ላይ ቆጮ በጎመን፣ ሲገኝም አይብ ጨምራ በነጭ ጨርቅ ቋጥራ ታመጣለች። ቤተሰብ ከመንገዱ ማዶ ይቆማል። ዘበኛው ሳህኖቹን ተቀብሎ፣ ጨርቃቸውን ፈትቶ በራችን ፊት መሬት ላይ ይደረድራል፣ በዱላ ጫፍ ወጋ ወጋ አድርጎ ይፈትሻል፣ ያስገባል። ስንጨርስ ባዶውን ያወጣል። አንድም ቃል አይለዋወጥም። "ልጄ ደህና ነው ወይ?" ብሎ መጠየቅ ራሱ ያስጠይቃል። እኔ በደረቴ ተኝቼ በበሩ ሥር ሳይ የሳህኖቹ ቂጥ ይታየኛል። ሰማያዊው ሲቀመጥ እናቴ መንገዱ ማዶ መሆኗን አውቃለሁ። እሷም ባዶው ሲወጣላት እኔ መኖሬን ታውቃለች። ወሬያችን ይኸው ነበር፤ ይበቃንም ነበር።

አንድ ቀን መምህሩ ጾም ጸሎት እንያዝ አለኝ። ደስ አለኝ። ከታሰርን ጀምሮ ጸሎቴ ደረቅ ብሎብኝ ነበርና ጾም ያነቃኛል ብዬ አሰብኩ። በዚያ ቀን እኩለ ቀን ላይ ሳህኑ መጣ፤ የሞቀ ቆጮ ነበረበት። ጎናችን ያለው ሰው "እናንተ ካልበላችሁ ወዲህ በሉት" አለ። እኔ ልሰጠው ስል መምህሩ እጄን ያዘኝ።

"ሳህኑ ባዶውን ከወጣ በልተናል ብለን እናትህን ዋሸናት ማለት ነው" አለ። "ጾም በውሸት አይጀመርም።"

ሰው ቢሰማን ይስቅ ነበር፣ እኛ ግን እንዲህ ነበርን። እውነት ስንል እስከ ሳህን ድረስ ነው። ነገሩ ልክ መስሎ ታየኝና ክዳኑን ገጥሜ፣ ጨርቁን እንደነበረ ቋጥሬ ሙሉውን ለዘበኛው መለስኩለት። ዘበኛው አንድ ጊዜ አየኝና ወሰደው።

ነጋዴው ያን ሰዓት ለምርመራ ተጠርተው ወጥተው ነበር። እግራቸውን እየጎተቱ ተመልሰው ከጎኔ ቁጭ አሉ። ምግብ የሚሸት ነገር ሲያጡ "ስንቅህ ዛሬ አልመጣም?" አሉኝ።

"መጥቶ ነበር፣ መለስነው። ጾም ይዘን ነው ጋሼ።"

"ሙሉውን?"

"አዎ።"

ወደ በሩ አዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ልጄ፣ እዚህ ቤት ሰው ሲገደል ለቤተሰቡ ማንም አይነግርም" አሉኝ። "ስንቁ እንደመጣ ሙሉውን ይመለሳል፣ በቃ። ከተማው ሁሉ የሚያውቀው ይህን ነው። አንተ አልሰማህም?"

አልሰማሁም ነበር። መምህሩም አልሰማም። ፊቱ ላይ ያየሁትን ነገር ዛሬም አልረሳውም፤ ሰውየው ባንዴ አረጀ። እኔ ተነስቼ በሩን መደብደብ ጀመርኩ። ዘበኛው ሲመጣ "እባክህ ወንድሜ፣ መንገዱ ማዶ ያለችውን እናቴን አለ በላት" ብዬ ለመንኩት። "እኔ ፖስታ ቤት አይደለሁም" አለና ሄደ።

እናቴ የሲዳማ ገጠር ሴት ናት። አባቴ ሞቶባት እኔንና ታላቅ ወንድሜን ብቻዋን ነው ያሳደገችን። ወንድሜ ጦር ሜዳ ሄዶ አልተመለሰም። ሬሳ አልመጣም፣ መቃብር የለውም። አንድ ሰው ቤት ድረስ መጥቶ "ቻዪው" አላት፤ እሷም በዚያ አንድ ቃል አለቀሰች። ሬሳ ሳያዩ ማልቀስን ለምዳዋለች። ሙሉ ሳህን ሲመለስላት ሌላ ማስረጃ እንደማትጠይቅ አውቅ ነበር።

በማግስቱ በደረቴ ተኝቼ በበሩ ሥር ጠበቅሁ። ሳህኖች ተደረደሩ። ነጭ፣ አረንጓዴ፣ የነጋዴው ቤት ድስት፣ ሌሎችም። ሰማያዊ የለም። በሚቀጥለውም ቀን የለም። ነጋዴው ከድስታቸው እየቆረሱ ለእኔም ለመምህሩም ያጎርሱን ነበር፤ መምህሩ ግን አልዋጥልህ ብሎት ያላምጠዋል፣ ያላምጠዋል፣ ዝም ብሎ ያላምጠዋል። እኔ ተናድጄ ነበር። በመምህሩ ሳይሆን በእግዚአብሔር። "ለአንተ ብለን ጾምን፣ አንተ እናቴን ገደልክብኝ" አልኩት፤ ቃል በቃል እንዲህ ነው ያልኩት። ያ ቤት ቀድሞም ጠባብ ነበር፣ አሁን ግን ግድግዳው ደረቴ ላይ ተቀመጠ። ቤታችን ከዚያ መጋዘን ሩቅ አይደለም። ኮሽታ በሰማሁ ቁጥር ልቅሶዋ የሚሰማኝ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ የቀበሌው ሊቀመንበር አስጠራኝ። ደንበኛዬ ነበር። የለበሰውን ካኪ የሰፋሁለት እኔ ነኝ፤ ወገቡ ስንት እንደሆነ፣ በቅርብ ምን ያህል እንደወፈረም አውቃለሁ።

"እናንተ ደጅ ለቅሶ ተቀምጠዋል" አለኝ ወንበሩ ላይ ዘና ብሎ። "በተገደለ ሰው ማልቀስ ክልክል ነው። ባልተገደለ ሰው ስለማልቀስ ግን መመሪያ የለንም። ዝም ብያቸዋለሁ።"

"እባክህ ንገርልኝ።"

"ለምን እኔ እነግርልሃለሁ? ራስህ ንገራት። እሁድ ሰልፍ አለ። የታረሙ እስረኞች ከኋላ ይሰለፋሉ። ሰልፉ በእናንተ ደጅ ነው የሚያልፈው። እጅህን አንስተህ፣ መፈክሩን ብለህ ታልፋለህ፤ እናትህ በዓይኗ ታይሃለች። ከዚያ በኋላ ወደ ቤትህ መግባትህም አይቀርም።" ትንሽ አሰብ አደረገና "የሚያዘው ጨርቅ አንተ የሰፋኸው ነው" አለ።

ወደ ክፍሉ ተመልሼ ለሁለቱ ነገርኳቸው። መምህሩ ጉልበቱን አቅፎ "እኔ አድርግም አታድርግም አልልህም፤ የመከርኩህ ምክር እዚህ አድርሶሃል" አለና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ነጋዴው ግን እጃቸውን አነሱና አወረዱ። መፈክር በተባለ ቁጥር እሳቸው ሁልጊዜ ያነሱ ነበር።

"አየህ? ወጣ፣ ወረደ። እጅ ነው። ያንተ ጌታ ልብን አያይም እንዴ?"

"ያያል ጋሼ። የተቸገርኩት ስለሚያይ ነው።"

"እናትህ እኮ ናት።"

"አዎ፣ እናቴ ናት" አልኩና አለቀስኩ። ሰው ፊት አልቅሼ አላውቅም ነበር።

እስከ እሁድ ድረስ እጄን በሐሳቤ ስንት ጊዜ እንዳነሳሁት እኔና እግዚአብሔር ነን የምናውቀው። አንዳንዴ ከፍ አድርጌ አነሳዋለሁ፤ እናቴም ደጃችን ካለው ዋርካ ሥር ብድግ ትላለች። ከዚያ ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ሲደርስ ይቆማል። እናቴን ገደልክብኝ ብዬ የተጣላሁት አምላክ ለምን ከሁሉም በላይ መሆኑን እንዳልተወ እኔም አልገባኝም ነበር። ቁጣዬ ራሱ በእሱ ላይ ነበርና የሌለ ሰው ላይ አይቆጡም መሰለኝ።

እሁድ ጠዋት በሩ ተከፈተ። ተነሳሁ። እውነቴን ነው፣ ተነስቼ ግቢው ድረስ ወጣሁ። ፀሐዩ ዓይኔን ወጋኝ። ከሐይቁ በኩል ነፋስ ይመጣ ነበር፤ ሳልወድ በረጅሙ ተነፈስኩ። ሊቀመንበሩ መጣና "እስቲ እዚህ አሳየኝ" አለ። ግራ እጄን ወደ ላይ አነሳሁ፤ ደረቴ ድረስ መጣ። ቃሉን ልል አፌን ከፈትኩ። አልወጣም።

"አልችልም" አልኩ። ጮክ ብዬ አይደለም፤ ልብሱ ሳይደርስለት ለቀረ ደንበኛ እንደምናገረው ነው የተናገርኩት።

"መልሱት" አለ ሊቀመንበሩ። የተቆጣ አይመስልም ነበር።

ወደ በሩ ሲገፉኝ ነጋዴው ወደ ሰልፉ እየወጡ ነበር። እንደመደናቀፍ ብለው ትከሻዬን ያዙ።

"በራችሁ ምን ይመስላል?" አሉኝ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ።

"አረንጓዴ ቆርቆሮ። ፊት ለፊቱ ዋርካ አለ።"

"እናትህን ሰው ምን ብሎ ይጠራታል?"

"በእኔ ስም ነው የሚጠሯት። የእገሌ እናት ነው የሚሏት።"

ራሳቸውን ነቀነቁና ሄዱ። በሩ ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ የነበረውን በጆሮዬ ብቻ ነው የማውቀው። ከበሮው ከሩቅ ተሰማ። መፈክሩ ይነሳል፣ ይወድቃል፣ ይነሳል። ወደ እኛ ሰፈር መታጠፊያ ሲደርስ አውቄዋለሁ፤ መንገዱን በእግሬ ነው የማውቀው። መምህሩ መጥቶ ከጎኔ ተንበረከከ፤ ሁለታችንም ጆሯችንን ለግድግዳው ሰጥተን ነበር። ልጸልይ ፈልጌ ቃል አጣሁ። "እባክህ" ብቻ አልኩ። ከዚያ ሰልፉ ራቀና የሚሰማን የራሳችን ትንፋሽ ብቻ ሆነ።

ነጋዴው ሲመለሱ ድምፃቸው ተዘግቶ ነበር። ውኃ ጠጡና አጠገቤ ቁጭ አሉ።

"ሁሉም መፈክሩን ሲጮህ እኔ የራሴን ጮህኩ" አሉ በሻከረ ድምፅ። "እጄን እንደነሱ አንስቼ። እነሱ ከሁሉም በላይ ሲሉ እኔ ስምህን እየጠራሁ 'ልጅሽ አለ፣ ሳህን ላኪ! ልጅሽ አለ፣ ሳህን ላኪ!' በዚያ ሁካታ ማን ይለየዋል? ምቱ እንኳ ይገጥም ነበር።"

"ሰማች?"

"አላውቅም ልጄ። ዋርካው ሥር ብዙ ሴቶች ተቀምጠዋል፣ ሁሉም ጥቁር ለብሰዋል። አንዷ ቀና አለች። እሷ ትሁን ሌላ አላወቅሁም።"

እጃቸውን ይዤ ሳምኩት። ያ እጅ ሲነሳ ባየሁ ቁጥር እኔና መምህሩ በልባችን እንንቀው ነበር። ምንም ብለን አናውቅም፤ ግን እንንቀው ነበር። ነጋዴው የገባቸው አይመስለኝም፣ ወይም ገብቷቸው ትተውታል።

በማግስቱ ከሁሉ ቀድሜ በደረቴ ተኛሁ። ሳህኖች መጡ። ነጭ፣ አረንጓዴ፣ ድስት። ዘበኛው ሄደ። ተመልሶ መጣና አንድ ሳህን አስቀመጠ። ከንፈሩ የተላጠ ሰማያዊ ነበር።

ስገልጠው ቆጮ አልነበረበትም። ንፍሮ ነው፤ ስንዴና ባቄላ፣ ጨው በዛ ያለበት። ለቅሶ ለመጣ ሰው የሚቀርብ ንፍሮ። ለእኔ የተቀቀለ ነበር፤ ለእኔ ለሟቹ። እናቴ ከለቅሶዬ ድስት ዘግና ልካልኛለች። ሦስታችንም ሳህኑን ከበን አየነው። መምህሩ ምስጋና ሊያቀርብ ጀምሮ አቃተውና እኔ ጨረስኩት፤ ነጋዴውም መዳፋቸውን ዘርግተው በራሳቸው መንገድ አመሰገኑ። ከዚያ ዘገኑ።

"የሰው ለቅሶ ብዙ በልቻለሁ" አሉ እያላመጡ። "ከሟቹ ጋር ስበላ ግን የመጀመሪያዬ ነው።"

መምህሩ ሳቀ። ቀልድ የማይገባው ሰው ነው ብያችሁ ነበር፤ ያን ቀን ግን እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

ስንጨርስ ሳህኑን ልመልስ ስል እጄ ቆመ። የባቄላ ልጣጭና ጨው ተለጥፎበት ነበር። ለቀኑ የሚሰጠን ውኃ አንድ ጣሳ ነው፤ ለሦስት። ሁለቱን አየኋቸው። ነጋዴው ጣሳውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። ሳህኑን አጠብኩት። ክዳኑን፣ ጠርዙን፣ የተላጠውን ቦታ ሳይቀር በጣቴ ፈትጌ አጠብኩት፣ በሸሚዜ ጫፍ አደረቅሁት፣ ጨርቁን እናቴ እንደምትቋጥረው ቋጥሬ ሰጠሁ። ዘበኛው ከፈት አድርጎ አየና "ሆቴል አደረጋችሁት እንዴ?" አለ። ማታውን ተጠምተን አደርን። ከታሰርኩ ወዲህ እንደዚያ ሌሊት ተኝቼ አላውቅም።

ብዙ ወራት ካለፉ በኋላ ለምን እንደሆነ ሳይነገረኝ ተለቀቅሁ። መምህሩን ከእኔ በፊት ወደ ሌላ ቦታ ወስደውት ነበር፤ ዓመታት ቆይቶ በደህና እንዳለ ሰማሁ። እናቴ ስለዚያ ሰሞን ወዲያው አልተናገረችም። አንድ ቀን ልብስ እየሰፋሁ አጠገቤ ተቀምጣ ሲዳምኛና አማርኛ እያቀላቀለች ነገረችኝ።

"ሙሉ ሳህን ሲመጣ ጊዜ ጸሎት ተውኩ" አለችኝ። "ሁለተኛ ልጄን ወሰድክ፣ ከአንተ ጋር ጨረስኩ አልኩት ለማጋኖ።" እግዚአብሔርን በራሷ ቋንቋ እንዲህ ነው የምትጠራው። "ከዚያ ሰውየው ጮኸ። ሴቶቹ እብድ ነው አሉ። እኔም አላመንኩም። ግን ካለ ይብላ፣ ከሌለም ሙሉውን ይመልሱት ብዬ ንፍሮውን ይዤ ሄድኩ። ባዶ መጣ። ባዶም ሲመጣ አላመንኩም፤ ዘበኛው በልቶት ይሆናል አልኩ። ጨርቁን ፈታሁ። ታጥቧል።" ጣቷን መዳፏ ላይ ፈተገች። "ዘበኛ የሰው ሳህን አያጥብም። ልጄ ነው አልኩ። መንገዱ ላይ ተንበርክኬ ከማጋኖ ጋር ታረቅሁ።"

ነጋዴው ከእስር ወጥተው ብዙ ኖሩ። መጋዘናቸው አልተመለሰላቸውም፤ በኋላ ሌላ ሠሩ፣ መስኮትም አወጡለት። የሞቱ ጊዜ ቤታቸው ለቅሶ ተቀመጥኩ። ሴት ልጃቸው ንፍሮ በሳህን አቀረበችልኝ። በላሁ። ከዚያ ተነስቼ ወደ ጓሮ ሄድኩና ሳህኑን አጠብኩት። ልጅቷ "አይሆንም ጋሼ፣ ይተዉት እኔ አጥባለሁ" ብላ ልትቀማኝ መጣች። አባቷ ስለዚያ ቀን ነግረዋት እንደሆነ አላውቅም።

እኔም አልነገርኳትም። ሳህኑን አድርቄ ሰጠኋት። እስከ ዛሬ ለቅሶ ቤት ስሄድ እንዲሁ አደርጋለሁ፤ ልጆቼ ይስቁብኛል፣ ሰው ያያል ይሉኛል። ይይ። በዚያ ጨለማ ቤት ጸሎቴን ማን እንደሰማው አውቃለሁ። በማን አፍ እንደመለሰልኝም አውቃለሁ፤ ግራ እጃቸውን አንስተው ጉሮሯቸው እስኪዘጋ በጮኹ ሰው አፍ ነው። ከዚያ ወዲህ ማን እጁን አነሳ፣ ማን አላነሳ ብዬ መቁጠር ትቻለሁ።